ቁጥሩ ያልተለወጠው ጥቅል

ውድ ወንድሜ፣

ከቤቴ አልተባረርሁም። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር እኔም አውቃለሁ፤ በልጅነታችን ሰላምታውን ዘልሎ ወደ ጉዳዩ የገባ ተማሪ እጁን በማስመሪያ ይመታ እንደነበረም አልረሳሁም። ነገር ግን መልእክትህ እንቅልፍ ማጣትህን ስለሚናገር፣ በመጀመሪያ አንተ እረፍ፣ ከዚያ በኋላ በወጉ ሰላም እንባባላለን ብዬ ነው። እህትህ የምትተኛው በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ ያሉት ሳሎን ውስጥ ነው እንጂ መኝታ ቤቴ ውስጥ አይደለም። ማድ ቤት ተኝታለች የተባለውም ሐሰት ነው፤ ማድ ቤታችንን አንተም ታውቀዋለህ፣ ድመት እንኳ እግሯን ዘርግታ አትተኛበትም።

ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዋለች የተባለው ግን እውነት ነው። ውያለሁ። ያየኝም ሰፈሩ ሬዲዮ እያለ የሚጠራው የማእዘኑ ባለሱቅ ነው፤ አማቹ ወደ እናንተ ከተማ ስለሚመላለስ ዜናው ትኩሱን ደርሶሃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው እንዲሉ፣ እኔ ከቤቴ መባረሬን የሰማሁት ካንተ ነው። በወሩ መጨረሻ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ክፍልም አስለቅቄልሻለሁ ማለትህ ወንድምነትህን ያሳያል፤ እግዜር ያክብርልኝ። የምሄደው ወይም የምቀረው ግን እኔ ስለሆንሁ፣ ለምን እንደምቀር ከሥሩ ልንገርህ።

አሁን በወጉ። እንደምን ሰነበትህ? ጉልበትህ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ከታች ሆነህ ነው የምትጣራው? ጨው ቀንስ ያለህን ሐኪም ሰማኸው ወይስ ሐኪም ቀየርህ? የባለቤትህ ወገብ እንዴት ነው? ልጅህስ ከወለደች ወዲህ በረታች? ሕፃኑ ሌሊትና ቀን መለየት ጀመረ ወይስ ቤቱን ሁሉ ዘብ አቁሟል? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ስለሰነፈ መነጽሬን አስቀየርሁ። እግሬ ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረኛል። ጥርሴ ያው የምታውቀው ነው፤ ምላሴ ግን እንዳለች ናት።

የሟቿ እህታችን ልጅ ሳሎኑን ለሥራ እንደጠየቀችኝና እንደሰጠኋት ያኔ ጽፌልሃለሁ። አብሯት የሚሠራው ጎልማሳ ነው፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይናገርም። ዝምታው ብዬ ስም ሳወጣለት “ይሁን” አለኝ፤ ከዕለቱ ድርሻው አንዷን ለእኔ አወጣት ማለት ነው። ሥራቸው ሶፍትዌር ነው። አሁን የያዙት የአንድ ክሊኒክ መድኃኒት ቤት ነው። ፋርማሲስቷ የመድኃኒቱን ስም ስትነካ፣ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት እንዴትና መቼ እንደሚወሰድ በጠራ አማርኛ ታትሞ ይወጣል። እኔም ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት አራሚነት ስለፈጀሁ፣ የወረቀቱን ቃላት የማነብላቸው እኔ ነኝ።

አንተ ከማንም በላይ ስለሚገባህ ሥራው እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። እኔ ሶፍትዌር ማለት እንደ መጽሐፍ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚጽፈው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መለዋወጫ ስታድልላቸው እንደኖርህ አውቶቡሶች ነው። ሞተሩን አንዱ፣ ፍሬኑን ሌላው፣ መስታወቱን ሌላው ይሠራዋል፤ እነሱ የራሳቸውን ጥቂት ነገር ጨምረው ይገጥሙታል። ቀን መቁጠር የሚያውቅ ክፍል አለ፤ ከማተሚያ ማሽን ጋር የሚነጋገር ክፍል አለ፤ የሠሩት ሰዎች በየት አገር እንዳሉ እንኳ አያውቁም። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ፋይል ታሽጎ ይቀመጣል፤ ጥቅል ይሉታል። ጥቅሎቹ በኢንተርኔት በሚደረስበት ማከማቻ ይገኛሉ፤ የእነሱም የራሳቸው ሥራ የሚቀመጥበት ትንሽ ማከማቻ አላቸው። መጋዘን ያለ መለያ እንደማይሆን ለአንተ ለመለዋወጫው ሹም አልነግርህም። ጥቅል የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ የማን ቤት ሥራ እንደሆነ፣ የራሱ ስም፣ ከዚያም ቁጥሩ። የቤቱ ስም ያስፈለገው ስም ስለሚመሳሰል ነው፤ እኛ ሰፈር ቆመህ “ጋሼ” ብትል ስንቱ ዞር እንደሚል ታውቃለህ። ቁጥሩ ደግሞ የስንተኛው ጊዜ ሥራ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ሁለት ነጥብ አራት እያለ ይሄዳል።

የሚፈልጉትን ጥቅል ሁሉ ከነቁጥሩ ይዘረዝራሉ። ገጣጣሚ የሚሉት ፕሮግራም ዝርዝሩን አንብቦ፣ ጥቅሎቹን ከማከማቻ አምጥቶ ይገጥማቸዋል። መመላለሱ እንዳይበዛበት ያመጣውን ሁሉ በዚያው ኮምፒውተር ጓዳ ያስቀምጣል፤ ሌላ ጊዜ ሲጠየቅ አስቀድሞ ጓዳውን ያያል፣ እዚያ ካገኘ ወደ ማከማቻው አይሄድም። ደግሞ ጥቅል ብቻውን አይመጣም፤ እሱ የሚደገፍባቸው ሌሎች ጥቅሎች አሉ፣ እነዚያም የራሳቸው ድጋፍ አላቸው፤ አንድ እንግዳ ጠርተህ ቤተ ዘመዱ ተከትሎት እንደሚገባው ነው። ሁለት እንግዶች የአንድን ዘመድ ሁለት የተለያየ ቁጥር የጠየቁ ቀን፣ ዝምታው ፀጉር የሌለበትን ቦታ ሲያክ ይውላል። ይህን ሁሉ ያስረዳችኝ የእህታችን ልጅ ናት፤ “አክስቴ፣ ይሄን ጨርሰሽ ካወቅሽማ ደሞዝ ልትጠይቂኝ ነው” እያለች።

አሁን ወደ በርጩማው ልምጣ። የወረቀቱ ቃላትም እንደሌላው በጥቅል ይቀመጣሉ። የዚያን ሳምንት ቁጥራቸው ሁለት ነጥብ አራት ነበረ፤ ክሊኒኩም ለማግስቱ ሥራ ወስዶታል። እኔ አንድ ንባብ በቂ ነው ብዬ ስለማላውቅ፣ የወጣውን ጽሑፍ ከፋርማሲስቷ ረቂቅ ጋር እንደገና ሳስተያየው ከሕፃናቱ ሽሮፕ ሥር አንድ ሙሉ መስመር ወድቋል። “ከመጠቀምዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁ” የሚለው ነው። እኔ ካነበብሁት በኋላ ሲገለበጥ የወደቀ ነው። እንዲህ ያለ ሽሮፕ ካልተነቀነቀ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሕፃኑ በመጀመሪያ ባዶ ውኃ፣ በመጨረሻ ከልክ በላይ የሆነውን ይጠጣል ማለት ነው።

ዝምታውን ጠርቼ አሳየሁት፤ መስመሩን ወዲያው አስገባው። ከዚያ “እማማ፣ እንግዲህ ሁለት ነጥብ አምስት ይባላል” አለኝ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለአንዲት መስመር? በማተሚያ ቤት የወደቀ መስመር ሲገኝ መስመሩ ይገባል፣ ሥራው ይቀጥላል፤ ሁለተኛ እትም አይባልም። ሁለተኛ እትም የሚባለው ደራሲው አዲስ ነገር ሲጨምር ነው፤ በየስሕተቱ ቁጥር የሚቀይር ማተሚያ ቤት ጉድለቱን በአደባባይ ይለፍፋል አልሁት። እናንተ ቁጥር የምትቀይሩት እንደ ካልሲ ነው ወይ አልሁት። ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ሽበቴን አየና ዘጋው። መስመሯ የገባችበትን ጥቅል በዚያው በሁለት ነጥብ አራት አሽጎ፣ የቀድሞውን ከማከማቻቸው አንሥቶ በእሱ ቦታ አስቀመጠው።

አሁን አንተ ከተጋደምህበት ቀና ብለህ ተቀምጠሃል። አውቃለሁ። በመጋዘንህ፣ በአንድ ቁጥር ሳጥን ውስጥ ሌላ ብሎን የጨመረ ሰው ቢያዝ ምን ይደርስበት እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን።

ፋርማሲስቷ ጥንቁቅ ሴት ናት። ሁልጊዜ ጠዋት ለበሽተኛ ከመስጠቷ በፊት የሁሉንም ወረቀት አንዳንድ አትማ ታነባለች። በማግስቱ መስመሯ እንደቀረች አይታ ደወለች። የእህታችን ልጅ ጉዳዩን ከዝምታው ሰምታ ስለነበር ታርሟል አለቻት፤ በራሷ ኮምፒውተር ላይም አወጣችው፤ መስመሯ አለች። “እኔ ጋ አለ” አለቻት። “እኔ ጋ የለም” አለች ፋርማሲስቷ። ልጅቱ እንደገና ግጠሚው አለቻት፤ ገጠመችው፤ የለም። ሲመላለሱ ረፈደ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ጠብ ማን ይዳኘዋል? በመጨረሻ የፋርማሲስቷ ድምፅ ቀዘቀዘ። “የኔ እህት፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። የሽሮፑን በእጄ እየጻፍሁ እሰጣለሁ። እስከ ማታ ካልተስተካከለ ግን ሥራውን እንተወው” ብላ ዘጋች።

ከዚያ ክሊኒክ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የላቸውም። እሱ ከቀረ ሳሎኑ ባዶ ይሆናል፤ ልጅቱ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ እኔም ባዶ ቤት ከምጠብቅ ያንተን መኪና እጠብቃለሁ ማለት ነው። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ተቀመጡ። እኔ የምረዳቸው ነገር አልነበረኝም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ዝምታው ሲደነግጥ አየሁና፣ በርጩማዬን ይዤ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥሁ፤ የሚመጣ ሁሉ በእኔ በኩል ይለፍ ብዬ። የቆጣሪ አንባቢውን በምልክት አስገብቼ በምልክት አስወጣሁ። ልብስ ሰፊዋን ነገ ነይ አልኋት። ከዚያ ሬዲዮ መጣ። ስልኬ አስቸገረኝ፣ ልጆቹ አንዴ ይዩልኝ አለ። ዛሬ አይሆንም አልሁት። “አንዴ ብቻ ነው እማማ” አለ። አንዴም አይሆንም አልሁት። “ምነው፣ እርስዎንም አያስገቡዎትም እንዴ?” አለኝ። አያስገቡኝም፣ ሂድ አልሁት። ቀልዴን ነበር። ሬዲዮ ግን ቀልድ አያስተላልፍም፤ ዜና ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የልጅቱን ድምፅ በመስኮቱ ሰማሁ። ለፋርማሲስቷ ደውላ የፋይሉን አሻራ ላኪልኝ ትላታለች። ይህን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት አለ፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትነካ ሰንሰለቱ ሌላ ይሆናል። ስምና ቁጥር ሰው የሚያወጣው ነው፤ አሻራ ግን ከገላ ነው። ፋርማሲስቷ እያጉረመረመችም ቢሆን ላከች። የክሊኒኩንና የእኛን አሻራ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ቤቱ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፤ አሻራው ግን ለየቅል ነው።

ነገሩ እዚያው ተፈታ። የክሊኒኩ ገጣጣሚ ሁለት ነጥብ አራት ሲባል ጓዳውን ከፍቶ አየ፤ አለኝ አለ፤ ወደ ማከማቻው ምን ያስኬደዋል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ገጣጣሚንም ጨምርበት። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው የተባለውን አመነ። የዝምታው ኮምፒውተር አዲሱን ያሸገው ራሱ ስለሆነ አዲሱን ይዟል፤ የልጅቱም ያን ጠዋት ጓዳው ተጠርጎ ስለነበር ሄዶ አዲሱን አመጣ።

ልጅቱ ወደ ዝምታው ዞር ብላ በዚያው ቁጥር ሌላ ጥቅል ያሸግህ አንተ ነህ? አለችው። “እኔ ነኝ” አለ። ሌላ አልጨመረም። በሰው ለማሳበቅ የሚበቃ ቃል እያለው ቆጠበው። እኔ ግን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልሁም። ገባሁና ቁጥሩን አትንካ ያልሁት እኔ ነኝ አልሁ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬም የእትሙን ክርክር ከመጀመሪያው ልደግመው ተነሥቼ ነበር። ልጅቱ አልተቆጣችም። “አክስቴ፣ ማተሚያ ቤት ሳለሽ የወደቀውን መስመር ስታስገቡ፣ ቀድሞ የተሸጠው መጽሐፍ ሰው ቤት ተቀምጦ ይታረማል?” አለችኝ። አይታረምም አልሁ። “ታዲያ ያ ሰው በምን ያውቃል?” አለች። የእርማት ወረቀት እናወጣለን አልሁ። “ማሽን የእርማት ወረቀት አያነብም፤ የሚያነበው ቁጥር ብቻ ነው። አንዴ የወጣ ቁጥር ከነስሕተቱም ቢሆን እንደወጣ ይኖራል፤ የሚታረመው በሚቀጥለው ነው” አለች። እጄን ሰጠሁ። ይህ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደደረሰብኝ አብረኸኝ ያደግህ አንተ ታውቃለህ።

ሁለት ነጥብ አራትን እንደነበረ መለሱት። መስመሯን የያዘው ሁለት ነጥብ አምስት ተብሎ ታሸገ። በክሊኒኩ ዝርዝር ላይ ቁጥሩ ሲቀየር፣ ገጣጣሚው ጓዳውን አይቶ ስላጣ እስከ ማከማቻው ሄዶ አመጣው። ፋርማሲስቷ ሳይመሽ ደወለች። “ነቅንቁ የሚለው መጣ” አለች። ቀጥላም ጠዋት የዋሻችሁኝ መስሎኝ ነበር አለች። ልጅቱ ሳትሸፋፍን የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ማን እንዳዘዘ ግን አላነሣችም፣ “ከእኛ ነው” ብቻ አለች። ሴትዮዋም፣ ሥራውን እንተወው ያልሁሽን እርሺው አለቻት። ዝምታው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ደስታው እንደዚያ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ መልእክትህ ገና ሳይደርሰኝ፣ እኔ ወንድሜ ዘንድ ልሂድና እናንተ በሰላም ሥሩ አልኋቸው። ከልቤ ነበር። ሰው በማያውቀው ሥራ ላይ ያረጀ ሕጉን ይዞ ሲገባ ጉዳት ነው፤ ያች መስመር የጎደለችበት ወረቀት ለአንድ ሕፃን ደርሶ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር እያሰብሁ ነው ያደርሁት። ልጅቱ የሻይ ሲኒዋን አስቀመጠች። “አጎቴ ናፍቆሽ ከሆነ ቦርሳሽን እኔው እይዝልሻለሁ። በኛ ምክንያት ከሆነ ግን አትሄጂም። የተሳሳትሽው በቁጥሩ ነው፤ መስመሯ መውደቋን ያየሽውም አንቺ ነሽ። ፋርማሲስቷ እንኳ ከመደወሏ በፊት ነው ያየሽው” አለችኝ። ዝምታው ዳቦውን እየቆረሰ “እማማ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔን ማን ይቆጣኛል?” አለ። የዕለቱን ድርሻ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ አወጣው፤ ስለዚህ የምሩን መሆኑ ገባኝ። ሻዬን ጠጣሁ። ዓይኔንም ጠረግሁ፤ ሬዲዮ በዚያ አለማለፉን አረጋግጬ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተቀየረ። ማከማቻቸው አንዴ በወጣ ቁጥር ላይ ሌላ ጥቅል እንዳይቀበል ተቆልፏል፤ ለሽበትም አይከፈትም። የቃላት ጥቅል ደግሞ እኔ ረቂቁንና የታሸገውን አስተያይቼ ይሁን ሳልል ቁጥር አይሰጠውም። ቁጥር ከመሰጠቱ በፊት እንደፈለግሁ እቆጣለሁ፤ ከተሰጠ በኋላ አፌን እዘጋለሁ። ለእኔ ጠባይ ከዚህ የተሻለ ውል አይገኝም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ልትወስደኝ አትምጣ። ሊጠይቀኝ ለሚመጣ ወንድም ግን ቤቱ ክፍት ነው፤ በሳሎኑ ጫጫታ ካላጉረመረምህ። ያስለቀቅህልኝን ክፍል ለአራሷ ስጣት፤ እናትም ልጅም ለብቻቸው ይተኙበት። እዚህ አልተቸገርሁም፣ አልተረሳሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ወጥ ሆኖብኝ ነበር፤ አሁን ጠዋት ከመኝታዬ የሚያስነሣኝ ነገር አለ። ይህን ይዤ ወደ አንተ ብመጣ በሁለተኛው ቀን የቤትህን መጻሕፍት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አበላሽብሃለሁ።

ለባለቤትህ ወገቧን እያሞቀች እንድትቀመጥ፣ የላከችልኝ ሹራብም ልክ እንደሆነልኝ፣ እጅጌው ብቻ ትንሽ እንደረዘመ ንገርልኝ። መካኒኩ ልጅህን ሰላም በልልኝ፤ ሬዲዮን ያመነ እሱ መሆኑን ደርሼበታለሁ። አራሷን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ ለሕፃኑ ሽሮፕ ከታዘዘለት ጠርሙሱን አስቀድማ ትነቅንቅ። ለትንሿ ቀበጥ የልጅ ልጅህ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ማማሩን፣ ህዳግ ግን እንደሌለው፣ ህዳግ የሌለው ጽሑፍ እንደሚታፈን ንገራት። ጓሮ ለሚኖሩት ተከራይህም ሰላምታዬን አድርስ።

ነገ መጀመሪያ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ሳሎኑ በማሽኖቹ ሙቀት ይታፈናልና። ከዚያ መነጽሬን አጥባለሁ። ከዚያ ሁለቱ ሳይመጡ ከፋርማሲስቷ የመጣውን የዓይን ጠብታ ረቂቅ ከታሸገው ጋር መስመር በመስመር አስተያያለሁ፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ዝምታውን ጠርቼ ያገኘሁትን አሳየዋለሁ። እሱ ሁሉ አልቆ ይሁን እስክል ድረስ ሁለት ነጥብ ስድስት የሚባል ነገር የለም።

እህትህ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
የካቲት ፲፬ ቀን